የመተማ የቀን ሠራተኛ «የዓመት ደመወዝ» ስንት ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ይከፈለዋል። ስሌቱ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አሠሪ ሥር የሚውል ሰው የታሰበበት ይመስላል። በመተማና በገንዳ ውኃ ግን ከደጋ የወረደው ሠራተኛ በበጋ ሲሚንቶ ያቦካል፣ በክረምት ሰሊጥ ያርማል፣ በጥቅምት ያጭዳል። በየካቲት ከግንባታ መወጣጫ ቢወድቅ የሚባዛው የትኛው ገቢ ነው?

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን እንደማያስቀርበት አዋጁ ይደነግጋል። ዳሩ ግን ደላላ ያመጣው፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ምንዳውን በምን ያስረዳል? በእኔ አስተያየት ስሌቱ በጉዳቱ ዕለት በነበረው የቀን ምንዳ ላይ ሊመሠረት፣ የዕለት መዝገብ ያልያዘ ተቋራጭም የማስረዳቱን ሸክም ራሱ ሊሸከም ይገባል።