ሮዝ ቀለም ትኩስነትን አይመሰክርም

ልደታ ማርያም አካባቢ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት ሱቆች ሞርታዴላ የሚገዛ ሰው የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ሻጩ «ቀለሙን እዩት፣ ትኩስ ነው» ይላል፤ ገዢውም ያምናል። ሥጋን በቀለሙ መለየት ከልጅነታችን ያየነው ነገር ነውና። ይህ ልማድ ሥጋ ቤት ያዋጣል። ሞርታዴላ ላይ ግን ያሳስታል፤ ሻጩም ገዢውም ሊተዉት ይገባል።

ወደ ወጥ ቤታችን እንመለስ። ቅቅል ሲፈላ ሥጋው ይገረጣል፤ ጥብሱም ይጠቁራል። ሞርታዴላም ፋብሪካ ውስጥ በስሎ የወጣ ነው። ታዲያ ሮዝነቱ እንዴት ተረፈ? ያተረፈው ሶዲየም ናይትራይት ነው፤ ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ «ኢ 250» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጨው ሥጋው ውስጥ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለወጥና ለሥጋ ቅላቱን ከሚሰጠው ማዮግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ሲበስል ደግሞ እሳት የማያጠፋው ሮዝ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ የሚነግረን ናይትራይት መግባቱን ብቻ ነው። መቼ እንደተመረተ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ማቀዝቀዣው ውስጥ ምን እንደደረሰበት አይነግረንም።

ዓይንን ማመን የሚያመጣውን አደጋ አንድ ምሳሌ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በደቡብ አፍሪካ የተነሳው የሊስቴሪያ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ምንጩ ፖሎኒ የተባለው የሞርታዴላ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ከ1000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ200 በላይ ሞቱ። ሊስቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል፤ የያዘውን ፖሎኒ ከጤነኛው በዓይን መለየት አይቻልም።

ናይትራይትን «ኬሚካል ስለሆነ መርዝ ነው» ከሚሉት ጋርም አልስማማም። ቋንጣ በጨውና በመድረቅ ይጠበቃል፤ ናይትራይት አያሻውም። ሥጋ ተፈጭቶ እርጥቡን አየር በማይገባበት ልባስ ሲታሸግ ግን ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው ቤት ተሠራለት ማለት ነው። የባክቴሪያው መርዝ ሰውን ሽባ አድርጎ ይገድላል። ናይትራይት ይህን ባክቴሪያ ይገታል፤ ትልቅ ውለታ ነው።

ውለታው ግን ዋጋ አለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበ፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግም ገለጸ። ከመቶ በላተኞች 18ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የነበረው ዕድል በዚያ ልክ ይጨምራል ማለት ነው። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ናይትራይት ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ናይትሮሳሚን ነው። ሞርታዴላን ዘይት ውስጥ እስኪጠቁር መጥበስም ይህን ያባብሳል።

የሚያንገበግበኝ የልጆች ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች የወሰኑት ጣሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.07 ሚሊግራም ናይትራይት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጣሪያው 1.4 ሚሊግራም ይሆናል። በኪሎ 30 ሚሊግራም ናይትራይት ያለበት ሞርታዴላ ቢሆን፣ 50 ግራሙ ብቻ 1.5 ሚሊግራም ይዟል። አልፎ አልፎ ቢሆን ግድ የለም። በየቀኑ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከሆነስ? እናት ይህን አስልታ እንድትወስን ማን ነገራት?

ማንም አልነገራትም። ጥቅሉ ላይ የነበረው ጽሑፍ ከልባሱ ጋር ተልጦ ይጣላል፤ ለእሷ የሚደርሰው በስስ ፌስታል የተጠቀለለ ቁራጭ ነው። ጽሑፉ ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋና በደቃቅ ፊደል ነው። «ጠይቂ» ማለት ቀላል ነው፤ ሻጩ ራሱ የማያውቀውን ምን ብሎ ይመልስላታል?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እየተቆረጠ የሚሸጠውን ሥጋም በዓይኑ ሊያየው ይገባል። የሚጠየቀው ከመስታወቱ ፊት የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው፦ የአምራቹ ስም፣ የተጨመሩት ነገሮች በአማርኛ፣ ጥቅሉ የተከፈተበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን። እስከዚያው ገዢ ከመመዘኑ በፊት «ልባሱን አሳየኝ» ይበል። ልባሱን ጥሎ ቀለሙን ብቻ የሚያሳይ ሱቅ ካጋጠመው ለልጁ እንቁላል ቀቅሎ ይላክ።