ለሥዕሉ ሱሪ፣ ለግጥሙ ቀሚስ

ሚኬል አንጄሎ ቀራፂና ሠዓሊ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ባለቅኔ መሆኑን የሚያውቅ ግን ከዚያም ይልቅ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ከ300 የሚበልጡ ግጥሞች ጽፎ በ1564 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) በ88 ዓመቱ በሮማ ሲያርፍ፣ አብዛኞቹ ገና ለኅትመት አልበቁም ነበር። በኋላ ሰብስቦ ያሳተማቸው የወንድሙ የልጅ ልጅ ነው፤ እርሱም ሚኬል አንጄሎ ይባላል። መጽሐፉ በ1623 ዓ.ም. በፊሬንዜ ከተማ ወጣ። ይሁን እንጂ ወራሹ የዘመዱን ብዕር ሳይነካ አላለፈም። ግጥሙ ለወንድ የተጻፈ ሆኖ ሲያገኘው ወንዱን ሴት አደረገው፤ «እርሱ» የነበረው «እርስዋ» ሆነ።

ከዚህ ቀደም በሥዕሉም ላይ እንዲሁ ተደርጎ ነበር። ሚኬል አንጄሎ በሲስቲና ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ ሲሥል ሰዎቹን ራቁታቸውን አቁሟቸው ስለ ነበር፣ በሞተበት ዓመት ገላቸው እንዲሸፈን ተወሰነ። ሥራውም ወዳጁ ለነበረው ለዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ ተሰጠ፤ ሰዉም በዚሁ ምክንያት «ሱሪ ሰፊው» የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። እንግዲህ ለሥዕሉ ሱሪ ተሰፋለት፤ ለግጥሙ ቀሚስ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። ሱሪው ከላይ የተደረበ መሆኑን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. በተፈጸመው እድሳትም በኋላ ዘመን ከተጨመሩት ልብሶች ከፊሉ ተነሥቷል። ቀሚሱን ግን አንባቢ የባለቅኔው የገዛ ቃል መስሎት 240 ዓመት ሙሉ አነበበ። ቼዛሬ ጉዋስቲ በ1863 ዓ.ም. ግጥሞቹን ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር አመሳክሮ እስኪያሳትም ድረስ ነገሩ እንደ ተሸፈነ ቆየ።

ለመሆኑ የተሸፈነው ማን ነው? በ1532 ዓ.ም. ሚኬል አንጄሎ የ57 ዓመት ሰው ሳለ ቶማሶ ዴ ካቫሊዬሪ ከሚባል የሮማ መኳንንት ወገን የሆነ ወጣት ጋር ተዋወቀ። ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሥዕል ሣለለት፤ ግጥም ገጠመለት። ከነዚህ ግጥሞች አንደኛው የቅኔ መምህር ቢያየው ደስ የሚያሰኝ ሰምና ወርቅ አለው። ካቫሊዬሪ የሚለው ስም በኢጣሊያኛ የፈረሰኛ ጦረኛ ስም ነው። የመጨረሻው ስንኝ በሰሙ ስለ ታጠቀ ፈረሰኛና ስለ ምርኮኛው ይናገራል፤ ወርቁ ግን ቶማሶ ነው። ወራሹ ፈረሰኛውን አውጥቶ በጎነትን የታጠቀ ልብ አገባበት፤ ወርቁን ጥሎ በሰም ላይ ሌላ ሰም ለጠፈ ማለት ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ስለ ሌላው ነገር የፈለገውን ቢያስብ፣ ይህን በደል ይቅር ሊለው አይቻለውም!

ለወራሹ የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። «ያደረገው ለሃይማኖት ክብር ሲል ነው፤ ጸሎተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም ቢባል ይሻላል» ይላሉ። በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ግን የዚህን አሠራር ስም እናውቀዋለን። አንድ የመዝገብ ሹም በመዝገቡ ውስጥ የተጻፈውን ስም ፍቆ ሌላ ቢያገባ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር ብዬ ነው ቢል ማንም አይሰማውም፤ ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅተሃል ተብሎ ይከሰሳል። ለቢሮ ወረቀት ያልተፈቀደው ለሙት ቃል በምን ሕግ ይፈቀዳል?

ደግሞም የሃይማኖት ክብር ይህን አይጠይቅም። የአገራችን የመጻሕፍት መምህራን በመኃልየ መኃልይ ውስጥ ስለ ጡትና ስለ ከንፈር፣ ስለ መሳምና ስለ አልጋ የተጻፈውን ሲያገኙ ምን አደረጉ? ቃሉን አልፋቁም። ንባቡን በስፍራው አኑረው፣ ከሥሩ «አንድም» ብለው ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ተረጐሙት። ዳዊት ለዮናታን ያለቀሰውን ልቅሶም አንድ ጸሐፊ እንኳ ለሴት የተለቀሰ አላስመሰለውም። ንባብ ለደራሲው፣ ትርጓሜ ለመምህሩ፤ ይህ ሥርዓት በቆሎ ተማሪ ዘንድ እንኳ የታወቀ ነው። የተማረው የፊሬንዜ ሰው ግን ትርጓሜውን በንባቡ ውስጥ ቀብሮ ንባቡን አጠፋው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ የምታስተምረውን ለባለ ሥልጣኖቹ እተዋለሁ፤ የእኔ ሙግት ስለ ጽሑፉ ነው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ሥጋዊ ግንኙነት ስለ መኖሩም ማስረጃ አልተገኘም። ቶማሶ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ልጁ ኤሚሊዮም ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ የደረሰውን ታላቅ የዜማ ድርሰት በ1600 ዓ.ም. በሮማ አሰምቷል። የሆነ ሆኖ ፍቅሩ በግጥሙ ውስጥ በግልጥ አለ፤ 32 ዓመትም ቆይቷል። ሚኬል አንጄሎ ሲሞት ከአልጋው አጠገብ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ቶማሶ ነበር።

ከዚህ ላይ ወደ ሌላው ወገን ልመለስ፤ እርሱም የሚወቀስበት አያጣም። በዘመናችን አንዳንድ ተቺዎች ለቶማሶ የተጻፉትን ግጥሞች ብቻ መርጠው ያነባሉ። ባለቅኔው በእርጅናው ስለ መስቀሉ፣ ስለ በደሉና ስለ ምሕረት የጻፋቸውን ግን የሽማግሌ ፍርሃት፣ ወይም የዘመኑ ሽፋን እያሉ ያልፏቸዋል። ይህም ያው የወራሹ ሥራ ነው፤ የተገለበጠው እጁ ብቻ ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ዛሬ ለብዙዎች የማንነት ስም ሆኗል። ሚኬል አንጄሎ ያደገባት ፊሬንዜ ግን ለነገሩ የነበራት ስም የኃጢአትና የወንጀል ስም ብቻ ነበር፤ ከ1432 እስከ 1502 ዓ.ም. ይህንኑ የሚመረምርና የሚቀጣ «የሌሊት ሹማምንት» የሚባል ችሎትም ነበራት። በዚያ ስም ሥር የተወለደ ሰው ስለ ፍርድ ቀን ሲጽፍ ቀልዱን ነው ማለት እንዴት ይቻላል? እስከ ዕለተ ሞቱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድረስ በእጁ የነበረው ድንጋይ እኮ ማርያም የልጅዋን ሬሳ እንደ ያዘች የሚያሳየው ሐውልት ነው።

በኦስካር ዋይልድም የደረሰው ከዚህ አይርቅም። በ1897 ዓ.ም. ከእስር ቤት ሆኖ ለወዳጁ ለአልፍሬድ ዳግላስ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ በ1905 ሲታተም ስለ ክርስቶስና ስለ ሐዘን የተናገረው ቀረ፤ ወዳጁ ግን ወጣ። ከእጅ ጽሑፉ ጋር የተመሳከረው ሙሉ ቃል የወጣው በ1962 ነው። የሚኬል አንጄሎን ግጥሞች በ1878 ዓ.ም. በታማኝነት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ጆን አዲንግተን ሲሞንድስ እንኳ፣ እርሱ ራሱ ወንድን ስለ መውደዱ የጻፈው የሕይወት ታሪክ እስከ 1984 ድረስ አልታተመም።

ነገሩ የቆየ ቢመስልም ዛሬም ሕይወት ይነካል። ዛሬ እንዲህ ያለ ፍቅር በልቡ ያለበት ክርስቲያን ወጣት በአንድ ወገን «እንዲህ ከሆንህ ጸሎትህ ሐሰት ነው» ይባላል፤ በሌላው ወገን «እንዲህ ከሆንህ መጸለይህን ተው» ይባላል። ሁለቱም ወገኖች ይህን ሰው ለሁለት ይቆርጡታል። የባለቅኔው የእጅ ጽሑፍ ግን ሁለቱን ድምፆች ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀለም ይዞ ይገኛል። ይህን ምስክር ማበላሸት መብት ያለው አንድም ሰው አላውቅም፤ ቄስም ቢሆን ተቺም ቢሆን።

ከዚህ ግጥም ጥቂቱን ወደ አማርኛ ሊመልስ የሚነሣ ሰው ቢገኝ ደግሞ መሸሸጊያ እንደማያገኝ ይወቅ። እንግሊዝኛ ለወንድም ለሴትም የሚናገርበት ቃል አንድ ስለ ሆነ ተርጓሚው ሊጠለልበት ይችላል። አማርኛችን ግን ለቅርብ ወዳጅ ሲናገር አንተ ወይስ አንቺ ሳይል ግሡን አይዘጋም፤ ተርጓሚው ከባለቅኔው ጋር ይሁን ከወራሹ ጋር ገና በመጀመሪያው ስንኝ ይታወቅበታል። ስለዚህ ለቶማሶ የተጻፈውን «አንተ» ይበለው፤ ለወይዘሮ ቪቶሪያ ኮሎና የተጻፈውን «አንቺ» ይበላት፤ የከበደው ነገር ካለም ከሥሩ «አንድም» ብሎ የፈለገውን ያህል ያትት።