የዓባይ ልጅ ዋና አያውቅም

መስከረም ጠባ፣ አደይ ፈነዳ፣ የኔም ኢንቦክስ ሞላ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ፏፏቴ ልንሄድ ነው። አንተም ና።»

የጻፉልኝ ከሦስት ዓመት በፊት ፊዚክስ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ደስ አለኝ። ከተመረቀ በኋላ አስተማሪውን የሚያስታውስ ስንት አለ? «ስንት ናችሁ?» አልኩ። «14» አሉኝ። «ዋና የሚችለው ስንቱ ነው?» መልሱ የሳቅ ኢሞጂ ነበር።

እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪ ይዘን ወደ አንድ ፏፏቴ ለሽርሽር ሄድን። ቦታውን አልጠራም፣ የልጁ ቤተሰቦች እዚህ ገጽ ላይ አሉ። ሦስት መምህራን ነበርን። ዳቦ ቆጥረናል፣ ስም ዝርዝር ይዘናል፣ ወላጅ አስፈርመናል። ገመድ ግን አልያዝንም። ከሦስታችንም ዋና የሚችል የለም። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ውሃው የተኛ የሚመስልበት ቦታ አለ። ልጆቹ መጀመሪያ እግራቸውን ነከሩ፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት ገቡ። አንዱ ፎቶ ሊነሳ አለት ላይ ወጣ። አለቱ አንሸራተተው፣ ገባ።

አልጮኸም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው እጁን እያወዛወዘ «ድረሱልኝ!» ይላል። እውነተኛው እንደዛ አይደለም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ትንፋሽ ለመሳብ እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጁ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከዳር ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። አጠገቡ የነበሩት ጓደኞቹ ቪዲዮ እየቀረጹት ይስቁ ነበር።

የጮህነው እኛ ነን። ሦስት የማስተማር ዲፕሎማ ዳር ላይ ቆሞ ጮኸ። ውሃ ልትቀዳ የመጣች የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ግን አልጮኸችም። ቢጫ ጀሪካኗን ደፋች፣ ክዳኑን ጥብቅ አደረገች፣ መሸከሚያ ገመዱን አንድ ጫፍ ይዛ ጀሪካኑን ወረወረችለት። ሁለተኛው ውርወራ ላይ ያዘው። ጎተትነው። አስመለሰው፣ አለቀሰ፣ ዳነ።

ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። «ወንድሜም እንዲህ ነው የወጣው» አለችኝና ጀሪካኗን ልትቀዳ ተመለሰች።

ከዛ ቀን ጀምሮ «ውሃ በላው» የሚለው አነጋገራችን ያናድደኛል። ሰዋስዋችን ራሱ ጥፋቱን ውሃው ላይ ጥሎ ይገላገላል። ውሃው ወሰደው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ወንዙ በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል። ነፍስ ይማር ብለን እንጽፋለን፣ ሻማ እንለጥፋለን፣ በሚቀጥለው መስከረም ሌላ ልጅ እንቀብራለን። ወዳጆቼ፣ ውሃ ግብር አይጠይቅም። ውሃ ሕግ አለው፣ ሕጉን ያላስተማርነው እኛ ነን።

እስኪ ሁለቱን ሕጎች ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከላይ የሚወርድ ውሃ አየር ይዞ ነው የሚገባው። ያ ነጭ አረፋ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ውሃ ነው። አየር የበዛበት ውሃ እፍጋቱ ይቀንሳል፣ እፍጋቱ ሲቀንስ ሰው የማንሳፈፍ አቅሙም ይቀንሳል። ይሄን ክፍል ውስጥ በብላክቦርድ አስተምሬያችኋለሁ፣ ፈተናም ላይ አውጥቼዋለሁ። በዛ ላይ ከፏፏቴው ሥር ላይ ላዩን ያለው ውሃ ዞሮ ወደ ወራጁ ይመለሳል። ስለዚህ ዋናተኛውም ይሰጥማል። እግር ይዞ የሚጎትተው ጋኔን ሳይሆን ዘጠነኛ ክፍል የዘለልነው ምዕራፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ደራሽ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ነው፣ ላይ ተራራው ላይ ዘንቧል። የዘነበው ውሃ መንገድ ላይ ነው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከከበደ፣ ልብስ ሳትሰበስቡ ውጡ። ስም ያወጣለት ያገሬ ሰው «ደራሽ» ያለው ሳያስጠነቅቅ ስለሚደርስ ነው።

መከራው ደግሞ ፏፏቴው የሚያምርበትና የሚገድልበት ወር አንድ መሆኑ ነው። ጢስ ዓባይን ተመልከቱ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ድሮ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ነበር። በበጋ የሄደ ሰው አብዛኛውን አለት አይቶ ይመለሳል። ሙሉውን ለማየት ነሐሴና መስከረም መሄድ አለባችሁ። ውሃው ቡናማ የሚሆነው፣ ጥልቀቱ የማይታየው፣ መንገዱም የሚያዳልጠው ያኔ ነው።

«እንግዲያው መከልከል ነዋ!» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። እናቴም «ወንዝ እንዳትሄድ» ብላኛለች። እኔ ታዛዥ ልጅ ነበርኩ፣ ውጤቱን ዳር ቆሜ ስጮህ አያችሁት። ያልታዘዙት ደግሞ ተደብቀው ይሄዳሉ። ተደብቆ የሄደ ልጅ ሲሰጥም ጓደኞቹ ዱላ ፈርተው ልብሱን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው ዝም ይላሉ። ፍለጋው የሚጀመረው ሲመሽ ነው። ክልከላ ልጁን ከወንዙ አላራቀውም፣ ከረዳቱ እንጂ።

«መዋኛ ገንዳ በሌለበት አገር ምን ዋና ታወራለህ?» የምትሉም አላችሁ። ባንግላዴሽ ከእኛ ብዙ የማይሻል ገጠር አላት። እዛ በመንደር ኩሬ ላይ የቀርከሃ መድረክና አጥር ሠርተው ሕፃናትን መንሳፈፍና ራስን ማዳን ያስተምራሉ። ቀርከሃ ደግሞ እኛም ጋ አለ። ቢልሃርዚያ የሚያሰጋችሁ ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ የትኛው ውሃ ደህና እንደሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ግን ስጋቱ ላለማስተማር ምክንያት አይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል ይላል፣ ከ10 ሰው 9ኙ የሞተው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሐምሌ 18 የዓለም የመስጠም መከላከያ ቀን መሆኑን የሰማ እጁን ያውጣ። እኛ ሐምሌ 18 ምን እናደርጋለን? ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ ብለን ፎቶ እንለጥፋለን።

አሁን ወደ ባለ ገጾቹ ልምጣ። በድሮን ቀርጻችሁ፣ ዘፈን ጨምራችሁ «ገነት የመሰለ ቦታ» ብላችሁ ለሺዎች የምትለቁት፣ ሥሩ ላይ «እዚህ አትግቡ፣ አለቱ ያንሸራትታል» የሚል አንድ መስመር ስንት ብር ያስወጣል? በየቦታው መግቢያ የምታስከፍሉትስ? ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ከተገኘ አንድ ገመድና ሁለት ባዶ ጀሪካን የሚሰቅል ሰው እንዴት ይጠፋል?

እኔም ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። ተማሪ ይዞ ውሃ ዳር የሄደ አስተማሪ ከስም ዝርዝሩ በፊት ገመድ ይያዝ። ዋና የሚችል አዋቂ ካልተገኘ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ። የሰጠመ ስታዩ ዘላችሁ አትግቡ፣ አንዱ ሁለት የሚሆነው እንደዛ ነው። የተከደነ ባዶ ጀሪካን ወርውሩ፣ ረጅም ዱላ ዘርጉ፣ ጋቢ ከጋቢ ቋጥራችሁ ጣሉ። ሲወጣ ውሃው ይውጣለት ብላችሁ እግሩን ይዛችሁ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትርገጡት። ካልተነፈሰ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱን ተጫኑ፣ ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንላለን፣ ቁጭታችን ነው። የባሰው ግን የዓባይ ልጅ ውሃ ጠምቶት ሳይሆን በውሃው ውስጥ መሞቱ ነው። ስንት ወንዝ ያለው አገር፣ በጥምቀት ውሃ የሚረጭ፣ ፀበል የሚጠመቅ ሕዝብ፣ ልጁን መንሳፈፍ እንኳን ሳያስተምር ያሳድጋል።

ለቅዳሜዎቹ ልጆች የመለስኩላቸው ይሄ ነው፦ እመጣለሁ። ሁለት ጀሪካንና 20 ሜትር ገመድ ይዣለሁ። ከፏፏቴው ሥር ማንም አይገባም፣ ፎቶ ከሩቅ ነው። እናንተም እያንዳንዳችሁ ዋና ልትማሩ ቃል ግቡልኝ።

እኔ ጀምሬያለሁ። በሠላሳ ምናምን ዓመቴ እስካሁን የምችለው በጀርባዬ መንሳፈፍ ብቻ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለውም። ግን ስትስቁ ሼር አድርጉት፣ ቅዳሜ የሚሄድ ሌላ ልጅ ይኖራል።