የሁለት ዓመቱ ተደባዳቢ

የሁለት ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ልጅ ነክሶ ሲያስለቅስ ትልልቆቹ ለፍርድ ይቸኩላሉ። አንዱ «ማንን መስሎ? አባቱን ነዋ! ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሌላው «ወላጆቹ አሞላቅቀውት ነው» ብሎ አርጩሜ ይፈልጋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የሚያናድደኝ፣ የትኛውም ቢረታ የሚገረፈው ልጁ መሆኑ ነው።

ካናዳዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ትራምብሌ በኩቤክ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለዓመታት ሲከታተል ኖሯል። ያገኘው ነገር ብዙ ወላጅ ያስገርማል፤ ሰው በዕድሜው ሁሉ አብዝቶ የሚማታው በጎረምሳነቱ ሳይሆን ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። መግፋቱ፣ መንከሱ፣ መቧጨሩ ያለ አስተማሪ ይመጣል። ትምህርት የሚያሻው መተዉ ነው። ደግነቱ በዚያ ዕድሜ ጡጫው አቅም የለውም።

ታዲያ ዘር የለበትም? አለበት እንጂ። እዚያው ኩቤክ የ19 ወር መንትዮች ሲጠኑ፣ በልጆቹ መካከል ከታየው የመማታት ልዩነት ከግማሽ በላዩ ከዘረመል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ከአንድ እንቁላል የተገኙት መንትዮች በጠባይ ከሌሎቹ ይበልጥ ይመሳሰላሉና። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ቃላት ያነሳቸው ልጆች በመጠኑም ቢሆን ይበልጥ ይማቱ ነበር። አፉ ያልተፈታ ልጅ በእጁ ቢናገር ምን ይደንቃል?

የዘሩን ነገር ይበልጥ የሚያጠራልኝ ግን የኒውዚላንዷ ዱኒዲን ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 እዚያ የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆች እስከ ጉልምስና ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት ተመራማሪዎቹ ኤምኤኦኤ የሚባለውን፣ የአንጎል ኬሚካሎችን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚያዘውን ዘረመል ተመለከቱ። ደካማው ዓይነት የደረሳቸው ወንዶች በልጅነታቸው ክፉ ድብደባና በደል ከደረሰባቸው፣ ሲያድጉ ወደ ጥቃት ያደላሉ። ያው ዘረመል ኖሯቸው በደህና ቤት ያደጉት ግን ከሌላው ሰው ጎልተው አልታዩም።

እንግዲህ «ደሙ ነው» የሚል ሰው አርጩሜውን መጀመሪያ መጣል ያለበት እሱ ነው። ልጁ የአባቱን ቁጣ ወርሶ ከሆነ ዱላ ከማንም ልጅ ይልቅ የሚጎዳው እሱን ሊሆን ይችላል። ደግሞስ «ሰው አይመታም» እያሉ መምታት ምን ያስተምራል? እጁን ይዞ ማስቆም፣ የተናደደበትን ነገር በቃል መንገር፣ ነገም ያንኑ መድገም ይሻላል። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አልክድም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቤትን ግን አልጠቀሰም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም «ለመልካም አስተዳደግ» የሚደረግን ቅጣት በአንቀጽ 576 ሳይከለክል አልፏል። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ቀዳዳ ሊደፍኑት ይገባል።