መርፌያችን በማን እጅ ያልፋል?

በዕድራችን ብዙዎቻችን ስኳር አለብን። የምንወጋበትን መርፌ የት እንደምንጥለው ግን ተጠያይቀን አናውቅም። እኔ በፌስታል ቋጥሬ ከምግብ ትራፊው ጋር አወጣው ነበር። ባለፈው ክረምት የሠፈራችንን ቆሻሻ የሚሰበስበው ልጅ ጣቱን በጨርቅ አስሮ ደጄ ቆመ። «አቦይ፣ ከእርስዎ ቤት በወጣ መርፌ ተወጋሁ» አለኝ። በግቢያችን ከእኔ በቀር መርፌ የሚወጋ የለም። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ «ቆሻሻ መለየት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» እንላለን። አይደለም። ገና በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ለሌላ ጥቅም የሚውለውን ከሚጣለው የመለየቱን ግዴታ የሰጠው ለቤቱ ኃላፊ ነበር።

ችግሩን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የመቐለ ጥናት ገንዳ ሲያንስና ሲርቅ ሰው ቆሻሻውን ሜዳና መንገድ ዳር እንደሚጥል አሳይቷል፤ የእኛ ጉልበት ደግሞ ቅርቡንም ያርቃል። ለይቼ የሰጠሁት ባንድ ጋሪ ሲደባለቅም በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሪ የሚገፉትን ልጆች ግን አልወቅስም። የሃይላንድ ጠርሙስ ጋሪ ይሞላል እንጂ ሚዛን አይደፋም። ፕላስቲክና ካርቶን መልሰው የሚጠቀሙት ፋብሪካዎች በብዛት ያሉት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው፤ ከመቐለ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የሚያዋጣው ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ነው። ወጥ የነካውን ካርቶን ማን ይገዛል?

እኛ ያልለየነውን የሰው ልጅ በባዶ እጁ ይለየዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከዚያ ክምር እየለቀሙ የሚያድሩም ነበሩባቸው። በእኛ በትግራይ ደግሞ ለቃሚን የሚያሰጋው መርፌ ብቻ አይደለም፤ ከጦርነቱ ወዲህ ያልፈነዳ ተተኳሽ የነኩ ሕፃናት ሞተዋል፣ አካላቸው ጎድሏል። የልጅ ልጃችሁ ለቆራሌው የሚሸጥ ብረት ይዞ ቢመጣ ከየት እንዳመጣው ሳትጠይቁ አትለፉ። የማታውቁት ነገር ከሆነ ማንም አይንካው፤ ልጆቹን አርቁና ለፖሊስ ንገሩ።

መርፌውን በተመለከተ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጁ። ሲሞላ መድኃኒት ወደምትወስዱበት ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱና የት እንደሚወገድ ጠይቁ። በቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች ጋሪ ላይ አትጫኑት።