ታንኩ ተገዛ፣ አሳቢው ተረሸነ!

ለመሆኑ ጦርነት የሚያሸንፈው ብረት ነው ወይስ ሰው? ጥያቄው የኔ አይደለም፣ የአጎቴ ነው። ጋሼ በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከዲክሲስ የገብስ ማሳ ተነስተው ታጠቅ ጦር ሰፈር የገቡ፣ ከዚያም ኦጋዴን የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው።

«ልጄ፣ የዚያድ ባሬም ታንክ የሩሲያ፣ የኛም የሩሲያ። ልዩነቱ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ነበር!» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ሶማሊያን እስካፍንጫዋ ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ከኅዳር 1970 ጀምሮ ታንኩንና ሮኬቱን ወደኛ አጎረፈችው። ከዚያ በፊት ግን በሩሲያ ሚግ የሚመካውን የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪዎቻችን በአሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ድባቅ መትተውት ነበር። በካራ ማራ ውጊያም ጄኔራል ፔትሮቭ ባወጡት ዕቅድ ሄሊኮፕተሮች ተራራውን ተሻግረው ከጠላት ጀርባ ወታደርና ቀላል ታንክ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ነጻ ወጣች። ያሸነፈው ብረቱን ያወቀበት ጭንቅላት ነው፤ የወገንና የኩባ ወታደር ደም ነው።

ደርግ ግን «ብረት ሲበዛ ድል ይበዛል» ብሎ አረፈው። በየካቲት 1980 የናደው እዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ። በወሩ ገደማ አፋቤት ወደቀች። ያ ሁሉ ታንክና መድፍ ለሻዕቢያ ሲሳይ ሆነ፤ ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ።

ሞስኮም ከዚህ በሽታ አልዳነችም። ማርሻል ኦጋርኮቭ በ1976 «ኤሌክትሮኒክስና ዒላማ የማይስት የሩቅ መሣሪያ የጦርነትን መልክ እየለወጠ ነው» ብለው አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት ከኤታማዦር ሹምነታቸው ተነሱ። ከየካቲት 2014 ወዲህ ዩክሬን ውስጥ በርካሽ ድሮን የሚጋየውን ውድ የሩሲያ ታንክ ያየ ሰው እኚህን ማርሻል ሳያስታውስ አይቀርም።

ዛሬ ደግሞ የኛም ሹማምንት አምልኮ ድሮን ሆኗል። በሰሜኑ ጦርነት ውጤቱን አየነው። በ2014 የገና ሰሞን ግን ደደቢት ያለ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ያዘዘው ማን ነው? ለሕዝብ የነገረ የለም።

ይህን ለጋሼ ሳወራላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣

«ውስጡ ሰው የለም አልክ?» አሉኝ። «ታዲያ ሲሳሳት ማንን ልትጠይቁ ነው?»

መልስ ያለው ባለሥልጣን ይመልስላቸው።