ሲሙ ከላፕቶፑ ውስጥ ወይስ ከውጭ?



ባለፈው ሰሞን ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር የመጡ አንድ አባት ከመድረሳችን ደጃፍ ጠብቀው አነጋገሩን። ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድሟ ላፕቶፕ ሊልክላት አስቧል። «ኡስታዝ፣ ሲም ካርድ ከሆዱ የሚገባበት ላፕቶፕ አለ አሉ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እሱን ይላክ ወይስ ተራውን ልኮ ሞደም ለብቻው እንግዛ? ገንዘቡ የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው» አሉን። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ ለሐጂ የመለስንላቸውን ለእናንተም ልናካፍል ወደድን።

በቅድሚያ፣ ከሁለቱ አንዱም ኔትወርክ በሌለበት ኔትወርክ አይፈጥርም። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሲሙን በስልክ ላይ አድርጎ፣ ልጅቱ በምታጠናበት ክፍልና በምታጠናበት ሰዓት መሞከር ያስፈልጋል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም የሚመረጠው በስሙ ሳይሆን በዚያ ቤት ውስጥ በሚሰጠው ኔትወርክ ነው።

ከውስጥ የተሠራው ጥሩ ጎን አለው። አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ዙሪያ ተቀብሮ ስለሚመጣ የሚንጠለጠል፣ የሚሰበር ወይም የሚጠፋ ነገር የለም፤ ላፕቶፑን ከፍቶ መሥራት ብቻ ነው። ብቻውን ከአገር አገር ለሚዞር ሠራተኛ የሚስማማ ነው። ነገር ግን የሲም ቀዳዳ ኖሮት ሞደሙ ግን ከውስጡ የሌለ ላፕቶፕ ብዙ ነው፤ ፋብሪካው አንዱን አካል ለሁለቱም ዓይነት ስለሚጠቀምበት ገዢው ቀዳዳውን አይቶ ይታለላል። ከውጭ አገር የመጣው ደግሞ በአገራችን የሚሠራበትን የሞገድ ዓይነት ላይቀበል ይችላል። ላፕቶፑ ለጥገና ሲሄድም ሞደሙ አብሮ ይሄዳል።

የውጪው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ከላፕቶፑ ጎን የሚሰካው ትንሹ ሞደም፣ ሌላው የራሱ ባትሪ ያለው የኪስ ዋይፋይ ነው። ድብ ባሕር ከሊማሊሞ ገደል ሥር ያለች ናት። የሬዲዮ ሞገድ ተራራና ዐለት ሲጋርደው ይደክማል፤ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያም የራሳቸውን ይቀንሳሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ መስኮቱ አጠገብ ያለው ኔትወርክ ከጓዳው ይለያል። የኪስ ዋይፋይ ከሆነ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ልጅቱ ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ ትሠራለች፤ የሚሰካውም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ከውስጥ የተሠራው ግን ላፕቶፑ ባለበት ቀርቶ፣ ተማሪዋ ራሷ ኔትወርክ ፍለጋ ትዞራለች።

ሌላው ቁም ነገር ዋይፋዩ የቤተሰቡ መሆኑ ነው። ታናናሾቿም ከዚያው ይጠቀማሉ፤ ባትሪው ከተሞላ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ጉድለቱም ይነገር፦ ይጠፋል፣ ባትሪው ያረጃል፣ አንዳንዱም ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው። ሳይጠይቁ አይግዙ። የአባት ስልክ ሆትስፖትም ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሠራል፤ አባት ገበያ ሲወጡ ግን ኢንተርኔቱም አብሯቸው ይወጣል። በየትኛውም ይሁን፣ ላፕቶፕ ሳይጠየቅ ራሱን እያደሰ ፓኬጁን ይጨርሳልና ዳታው የተወሰነ መሆኑን በማስተካከያው ላይ መንገር ይገባል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ከውስጥም ከውጭም ያለው ሞደም እኩል ዝም ብሏል። ያን ጊዜ የተጠቀመው መጻሕፍቱንና ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን የሚወርደውን ማውረድ ከማንኛውም ሞደም ይበልጣል።

ለሐጂም ያልነው ይህንኑ ነው፦ ተራው ላፕቶፕ ይላክ፣ የኪስ ዋይፋይ ለብቻው ይገዛ፣ የተረፈው ገንዘብ ለፓኬጅ ይሁን። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ዕቃው የእሷ፣ ኢንተርኔቱ የሁላችን» ብለው ተሰናበቱን። እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘንለትም።